ሟች መግባት አይፈቀድላትም

መሞቴን የሰማሁት ድሬዳዋ ላይ፣ ሐብሐብ እያንኳኳሁ ነው።

እኔ ሐብሐብ ሳላንኳኳ አልገዛም። አንኳኩቼም ወዲያው አልገዛም። ጆሮዬን አስጠግቼ ውስጡ ምን እንደሚል አዳምጣለሁ፣ ገልብጬ መቀመጫውን አያለሁ፣ ከዚያ ቀና ብዬ የሻጩን ፊት አያለሁ። ሻጩ ቶሎ ቶሎ ካመሰገነው እተወዋለሁ። የዚያን ቀኑ ሻጭ ትዕግሥቱ አልቆ፣ «እህቴ፣ ሐብሐብ እየገዛሽ ነው ወይስ አማች እየመረጥሽ?» ሲለኝ ቦርሳዬ ውስጥ ጥሩምባ ተነፋ።

የእድር ጥሩምባ ነው፤ በሰው ትንፋሽ የተነፋ፣ እውነተኛ። የገበያው ሰው ዞር ዞር አለ። እኔ አልደነገጥኩም። ድምፁን ቀርጬ የዘመዶቼ ስልክ ውስጥ ያስገባሁት ራሴ ነኝ። ጥሩምባው ተነፋ ማለት ከዘመዶቻችን አንዱ ዐርፏል ማለት ነው። እንደ ልማዴ አማተብኩ፤ ማን መሆኑን ሳላይም «ነፍስ ይማር» አልኩ። ከዚያ ስልኩን አውጥቼ አነበብኩ። ሙሉ ስሜ፣ ከነአባቴና ከነአያቴ። ከሥሩ የክርስትና ስሜ፣ ካህናቱ ለፍትሐት እንዲያገኙት። ከላይ ፎቶዬ።

ነፍስ ይማር ያልኩት ለራሴ ኖሯል።

ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስበት ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። እኔ የልቤን ትርታ ዳሰስኩ። ጠርጣራ ሰው ራሱንም ዝም ብሎ አያምንም። ይመታል። እንደገና ዳሰስኩ። አሁንም ይመታል፤ እንዲያውም ከወትሮው በላይ።

«ምነው፣ አልተስማማሽም?» አለ ሻጩ።

«ሞቻለሁ» አልኩት።

«እንግዲያውስ አይሆንሽም» አለና ሐብሐቡን ከእጄ ተቀበለኝ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ጥቂት ወደኋላ ልመለስ። የተወለድኩት ሞጣ ነው። የእናቴ አገር ቢቸና ነው፤ አባቴ ካረፈ ወዲህም እናቴ ወደ ቢቸና ተመልሳ በወላጆቿ ግቢ ትኖራለች። እኔን ሥራ ጎትቶ ድሬዳዋ አደረሰኝ፤ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም እጽፋለሁ። ዘመዶቻችን ግማሹ ሞጣ ግማሹ ቢቸና ስለሆነ የዘመድ እድራችንም ሁለት ቦታ የቆመ ነው፤ ሁለት ዳኛ፣ ሁለት ድንኳን። ሞጣ ሰው ሲሞት ቢቸና የሚሰማው ከቀብር በኋላ ነበር። «እኔ ለምን አልተነገረኝም?» የሚለው ቅሬታ ከሟቹ ዕድሜ በላይ ይኖራል። እናም «ልጃችን የተማረች ናት፣ በስልክ የሚለፈፍበት አንድ ነገር ትሥራልን» አሉ። ሠራሁ። ለነፍሴ ብዬ፣ በነጻ።

ጠንቃቃ ነኝ። በኮምፒውተሬ ካሜራ ላይ ፕላስተር ለጥፌአለሁ። ማታ በሬን ቆልፌ፣ መቆለፌን አይቼ፣ ጸሎቴን አድርሼ፣ ተመልሼ መቆለፌን አያለሁ፤ እግዚአብሔር ይጠብቀኛል፣ ግን መቀርቀሪያውን የምገፋው እኔ ነኝ። ይህን ፕሮግራም ስጽፍም ከሁሉ አስቀድሜ ያሰብኩት ማን የቱን በር ይከፍታል የሚለውን ነው። ለእያንዳንዱ ዘመድ የየራሱን ቁልፍ ልቅረጽ ብል ዕድሜዬ ስለማይበቃ፣ በሙያችን እንደሚደረገው ሰውን በቡድን አደረግሁና ፈቃዱን ለቡድኑ ሰጠሁ። ከሁሉ በታች «አባል» የሚባል ቡድን አለ፤ አባል ያያል፣ ይሰማል፣ በቃ። «ለፋፊ» ከአባል ይወርሳል፤ አባል የሚችለውን ሁሉ ይችላል፣ በዚያ ላይ ሞት ይለፍፋል። «ዳኛ» ከለፋፊ ይወርሳል፣ በዚያ ላይ ድንኳን ያዛል፣ አባል ያስገባል፣ ያስወጣል። በእኛ ሙያ ይህንኑ ውርስ ነው የሚሉት። ከአገራችን ውርስ የሚለየው ወራሾቹ ፍርድ ቤት አለመሄዳቸው ነው።

ከሁሉም የኮራሁበት ግን «ሟች» የሚለው ቡድን ነው። የሞተ ሰው ስልክ ሌባ እጅ ቢገባስ ብዬ ጠረጠርኩ። ስለዚህ አንድ ሰው ሞቱ በተለፈፈበት ቅጽበት ከነበረበት ቡድን ወጥቶ ሟች ውስጥ ይገባል። ሟች ከማንም አይወርስም፣ ምንም አይከፍትም።

ይህን ሁሉ ቢቸና ወርጄ ለእድሩ ሳቀርብ የሞጣው ዳኛ አያ ይስማው እጃቸውን አወጡ። አያ ይስማው የአባቴ የአጎት ልጅ ናቸው፤ ተቀምጠውም የቆሙ የሚመስሉ ረጅም ሰው።

«ልጄ፣ ሁሉም ደህና ነው» አሉ። «ቢቸና የሚችለውን እኔ ካልቻልኩ ግን ምኑን ዳኛ ሆንኩት?»

«ምን ገዶኝ!» አሉ የቢቸናው ዳኛ መሪጌታ ጥበቡ፣ ቅኔ የሚያስተምሩ የእናቴ ወገን። «አያ ይስማው እኛ የምንችለውን ሁሉ ይቻሉ። ክብር ይገባቸዋል። ብቻ እሳቸው የሚችሉትን እኛም እንቻል።»

ሁለት ሽማግሌዎች በር ላይ ሲገናኙ አይታችኋል። «ይግቡ»፣ «የለም እርስዎ ይግቡ» ሲባባሉ ከኋላ ያለው ሰው ዝናብ ይደበድበዋል። እኔም ዝናቡ እንዳይመታኝ የሞጣን ዳኞች ቡድን የቢቸና ውስጥ፣ የቢቸናን የሞጣ ውስጥ አደረግሁ። ከዚያ መሪጌታ እንደገና ተነሡ። «እናቶችስ? በድግስ ከእኛ በላይ እያስቀመጥን እዚህ ከእኛ በታች ልናደርጋቸው ነው?» ጉባኤው አጨበጨበ። እኔም ይሉኝታ ያዘኝና «የክብር እናቶች» የሚል ቡድን ፈጥሬ ከዳኞች በላይ አስቀመጥኩት። በውርስ ሕግ ከላይ የተቀመጠ የበታቹን ሥልጣን ሁሉ ይይዛል። ቢሆንም ፊደል የማይለዩ እናቶች ምን ያደርጋሉ? እነሱን የጠረጠርኩ እንደሆነ ንስሐ መግባት አለብኝ አልኩ።

በዚያው ጉባኤ ትምህርት ሰጠኋቸው። በስልክ «እኔ ነኝ» የሚላችሁን አትመኑ፤ ድምፅ ይሰረቃል። ፊቱን ብታዩም አትመኑ፤ ዛሬ ፊትም በማሽን ይሠራል። እሱ ብቻ የሚያውቀውን ጠይቁት። ካልመለሰ ዘግታችሁ ቁጥሩን አግዱ። አግዱ የሚለውን እንዴት እንደሚያደርጉት በየስልካቸው አሳየሁ። በጣም ወደዱት።

አሁን ወደ ሞቴ ልመለስ።

ከገበያው ወደ ቤቴ ስሄድ መጀመሪያ የጠረጠርኩት አጭበርባሪዎችን ነው። መልእክቱ ሥር «ዝርዝሩን ለማየት እዚህ ይንኩ» ይላል። አልነካሁም። እንኳን የራሴን ቀብር የሰው የሠርግ ጥሪም አልነካም። ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ ኮምፒውተሬን ከፈትኩና የይለፍ ቃሌን አስገባሁ። ከዳዊት የተወሰደ ስለሆነ በየጊዜው ስጽፈው እንደ ጸሎትም ይቆጠርልኛል።

«ሟች መግባት አይፈቀድላትም። እግዚአብሔር ነፍሷን ከቅዱሳን ጋር ያኑርልን» አለኝ።

ዓረፍተ ነገሩ የእኔ ነው። «አይፈቀድለትም» ብቻ ብዬው ነበርና ሴት ሟቾችን ማዋረድ መሰለኝ፤ ተመልሼ ለሴት ለብቻዋ ጻፍኩላት። አሁን ሳነበው በጣም ያምራል።

ቤቱን የሠራው ሰው የጓሮ በር አያጣም ትሉ ይሆናል። አጥቻለሁ። ስሠራው ራሴንም ጠርጥሬ ነበር። አንድ ቀን ክፉ ሐሳብ ቢመጣብኝስ? ቂም ይዤ የሰው ስም ብሰርዝስ? ስለዚህ የውስጠኛው በር ሁለቱ ዳኞች ባንድነት የይለፍ ቃላቸውን ካልሰጡ እንዳይከፈት አደረግሁት። ከዲያብሎስ ፈተና ራሴን ጠበቅሁ። ስሞት ግን በሩ በራሴ ላይ ተቆለፈብኝ።

እስከዚህ ድረስ ሳልስቅ አልቀረሁም። ከዚያ እናቴ ትዝ አለችኝ።

በእኛ አገር ሞት ለእናት በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፣ ሊነጋጋ ሲል ሳታስበው ቤቷ ይገቡና መርዶውን ያረዷታል። የአባቴን መርዶ የሰማች ጠዋት እናቴ ቆማ ሳለች ነው የወደቀችው። ልቧ ከዚያ ወዲህ ደህና አይደለም፤ ሐኪሙ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ድንጋጤ አትችልም ብሎናል። ጥሩምባው የተነፋው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ መርዶው በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ነው። እስከዚያ መኖሬን ማሳመን አለብኝ።

ግን ማን ነው የገደለኝ? ለሞጣው ዳኛ ልደውል ስል ጣቴ ቆመ። አያ ይስማው ይሆኑ? በፕሮግራሙ ውስጥ ፎቶዬን አጠቆርሽው ብለው ተቀይመውኛል። ይቅር በለኝ አልኩና መሪጌታን ጠረጠርኩ፤ «ሞትን ጥሩምባ እንጂ ስልክ አይለፍፍም» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ስህተቱን ሊያሳዩኝ ፈልገው ይሆን? ይቅር በለኝ። የእናቴ ጎረቤት እትዬ ውድነሽስ? ለወንድማቸው ልጅ አስበውኝ እንቢ ብያለሁ። ይቅር በለኝ፣ ይቅር በለኝ። በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልጠረጠርኩት ዘመድ ቢኖር ስልክ የሌለው ብቻ ነው።

አያ ይስማው ስልኩን አነሡ። ከኋላቸው የሴቶች ልቅሶ ይሰማል። ለእኔ ነው። ከሁሉ በላይ የምትጮኸውን ለየኋት፤ እንኳን አደረሰሽ ካለችኝ ስንት ፋሲካ ያለፋት ዘመዴ ናት።

«አያ ይስማው፣ እንደምን ዋሉ? እኔ ነኝ።»

«ማነሽ አንቺ?»

«እኔ ነኝ እንጂ። አልሞትኩም።»

«ሌባ!» አሉ። «የሟች ስልክ ሰርቀሽ ልትዘርፊን? ነፍሷን ይማረውና እሷ አስተምራናለች። እኔ ነኝ የሚላችሁን አትመኑ ብላናለች።»

«ያስተማርኳችሁ እኮ እኔ ነኝ!»

«ይኸው! እኔ ነኝ አልሽ!»

«እሺ ይጠይቁኝ፣ አያ። እኔ የማውቀውን ይጠይቁኝ።»

አሰቡ። «በልጅነትሽ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ላይ ወድቀሽ ምንሽ ተሰበረ?»

«ግራ እጄ።»

«እግሯ ነው!» አሉና ጮኹ። «ወጌሻ ቤት አዝዬ የወሰድኳት እኔ ራሴ ነኝ። እግሯ ነው!»

«አያ፣ እጄ ነው። ብርድ ሲሆን እስከ ዛሬ ያመኛል።»

«ስሚ አንቺ! እሷ ሌላ ሌላ ነገር ነበራት እንጂ ውሸት አልነበረባትም» ብለው ዘጉ። መልሼ ስደውል ታግጃለሁ። ከተማሪዎቼ ሁሉ ትምህርቱ የገባቸው እሳቸው ናቸው። «ሌላ ሌላ ነገር» ያሉት ምን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ ያጠራጥረኛል።

ወደ እናቴ ደወልኩ። እትዬ ውድነሽ አነሡት። መርዶ በሚደበቅበት ቤት ሰው ስልክ የሚያነሣው በሚያስፈራ ደስታ ነው።

«ሃሎ! ደህና ናት፣ ሁሉም ደህና ነው፣ ማንም ምንም አልሆነም!»

«እትዬ ውድነሽ፣ እማን ያገናኙኝ። እኔ ነኝ።»

አንድ ነገር ወድቆ ሲሰበር ሰማሁ።

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ! በኪዳነ ምሕረት ይዤሻለሁ!»

«እትዬ፣ አልሞትኩም እኮ።»

«እሱማ ነፍስ መች ይሞታል፣ የኔ ልጅ» አሉ፤ ድምፃቸው ወደ ማባበል ዞረ። «ብቻ ደጁን አትምጪብን። አርባሽን አሳምረን እናወጣልሻለን። ሂጂ፣ ሂጂ እናቴ።»

ከዚያ በኋላ የእናቴ ስልክ ጠፋ።

የቀሩኝ መሪጌታ ናቸው። በምስል ደወልኩላቸው። መነጽራቸውን አውጥተው፣ በጋቢያቸው ጫፍ ወልውለው፣ አድርገው፣ ብዙ ጊዜ አዩኝ።

«መልክሽ እሷን ይመስላል» አሉ። «መልክም በማሽን ይሠራል ብላናለች።»

የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ደገምኩላቸው። ጥቂት ሰሙና እጃቸውን አነሡ። «ዲያብሎስም በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ ለጌታ መዝሙር ጠቅሶለት ነበር» አሉ።

«እንግዲህ ምን ላድርግ፣ መሪጌታ?»

«ሕያው ከሆንሽ በታቦቱ ማይልኝ።»

«አልምልም» አልኩ። «በሐሰትም በእውነትም አልምልም። አትማሉ ተብሏል።»

ፈገግ አሉ። «አጭበርባሪ ብትሆኚ ይህኔ በሰባት ታቦት ምለሽልኝ ነበር። በይ እንግዲህ፣ ግማሽ በግማሽ አምኜሻለሁ።»

«ግማሹስ?»

«ግማሹ ሲነጋ ይታያል። እንዲያው ነገሩን አስቢው፤ ደህና ናት ብዬ መርዶውን አስቀርቼ ነገ ሌባ ሆነሽ ብትገኚ እናትየዋን ሁለት ጊዜ መግደሌ ነው። አያ ይስማውም ሞጣዎችን በቅጥቅጥ ጭነው ተነሥተዋል፤ አሁን ጉንደ ወይን ናቸው መሰለኝ፣ ስደውልላቸው ኔትወርክ የለም። ስልኬን ይዤ እገባለሁ፤ ጎሕ ሲቀድ ደውዪ። እሳቸው ሳይናገሩ ከደረስሽ፣ ደረስሽ።»

እንቅልፍ የሚባል አልነበረም። ጎሕ ሲቀድ ደወልኩ። መሪጌታ አንድም ቃል ሳይናገሩ ከፍተው ስልኩን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። የማየው ነጭ ጨለማ ነው። የምሰማው እግር፣ ማጉተምተም፣ የበር ድምፅ። ከዚያ እናቴ፦ «ግቡ፣ ግቡ። ምነው በጠዋቱ?»

ከዚያ የአያ ይስማው ጉሮሮ ሲጠረግ። «እህቴ» አሉ፣ «ይች ዓለም ጥላ ናት።»

«መሪጌታ!» አልኩ እኔ ከጋቢው ውስጥ። አልተሰማም። ጋቢው ባለ አራት ድርብ ነው መሰለኝ።

«ሰው አበባ ነው። ጠዋት ይታያል፣ ማታ ይረግፋል።»

«ምነው አያ ይስማው» አለች እናቴ። ጥርጣሬዬን ከማን እንደወረስኩት ያን ጊዜ ነው የገባኝ። «ከሞጣ ድረስ አበባ ልትነግሩኝ መጣችሁ? ይህ ሁሉ ሰው ለምን ነጠላውን ዘቀዘቀ? ማን ሞቶብኝ ነው?»

አያ ይስማው አየር ሳቡ። ቃሉ ሊወጣ ነው። እኔ በሕይወቴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ጠዋት ግን የድሬዳዋ ጎረቤቶቼ እስኪነቁ «እማ! እማዬ!» ብዬ ጮኽኩ።

እናቴ ድምፄን ለየችው።

«መሪጌታ» አለች እናቴ፣ «ልጄ ጋቢዎ ውስጥ ምን ትሠራለች?»

ጋቢው ተገለጠ። ብርሃን። የእናቴ ፊት። «የኔ ዓለም!» አለችና ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው። ድምፄ ጠፋ፤ እኔ እናገራለሁ፣ እነሱ አይሰሙም። እንደገና ሳመችኝ። ካሜራው ዞረና አያ ይስማው ታዩኝ፤ አፋቸውን እንደከፈቱ፣ አበባው ሳይረግፍ ቀርቷል። ለሦስተኛ ጊዜ ሳመችኝ። መስመሩ ተቋረጠ።

ጠቁሮ የቀረውን ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። ገዳዬን አገኘኋት።

ፕሮግራሙን ለሽማግሌ ብዬ ነው የሠራሁት። ፊደል ለማይለየው ፎቶው ትልቅ ነው። ጣት ለሚንቀጠቀጥበት ደግሞ የሚነኩት ሁሉ ባንድ ቦታ ይመጣል፣ ፎቶው ላይ፣ ፍለጋ እንዳይዞሩ። አንዴ ሲነኩት ሰውዬው ተከፍቶ «ሞቱ ይለፈፍ» ይመጣል። ሁለተኛ ሲነኩት «እርግጠኛ ነዎት?» ይላል። ሦስተኛው «አዎ» ነው። አባል ቢነካው አይታዘዝም። እናቴ ግን የክብር እናት ናት፣ ከዳኛ በላይ፤ እኔው ነኝ ያስቀመጥኳት። ጣቱ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሦስት ጊዜ ባንድ ቦታ አይነካም ብዬ ተማምኜ ነበር። በአገራችን ደግሞ አንድ ጊዜ ስሞ የሚተው የተቀየመ ሰው ነው፤ ናፍቆት ካለ በቀኝ፣ በግራ፣ እንደገና በቀኝ ነው። የስልክ ፎቶ ቀኝና ግራ ስለሌለው እናቴ ሦስቱንም መሐል ላይ አሳረፈቻቸው። የለፈፈው ስልክ ደግሞ ጥሩምባውን ስለማይነፋ እሷ አልሰማችም።

መልሼ ደወልኩ። እናቴ ቀድማ ተናገረች።

«ለምን ትዘጊብኛለሽ? ስሚማ፣ ትናንት እንዴት ደስ አለኝ መሰለሽ! ፎቶሽን ስስመው ጧፍ በራልሽ። እዚያው አጠገብሽ፣ እንደ ሥዕለት ጧፍ። ማነው ያበራልሽ? እግዚአብሔር ይስጠው፣ የቤት ጨለማ አያሳየው።»

ከሟች ፎቶ አጠገብ የምትበራ ጧፍ አድርጌ ነበር። በዚያች ቀን ሞጣና ቢቸና ሲያለቅሱ ደስ ያላት አንድ እናቴ ነበረች።

ከበሩ በኩል የተቀመጡ ሴቶች ነጠላቸውን ቀስ እያሉ ሲያቃኑ ይታየኛል። መሪጌታ ጥበቡ አስተዋይ ናቸው። «እንግዲህ የመጣነው ለጸሎት ነው» አሉ። «እግዚአብሔር ልጅሽን በሰው አገር እንዲጠብቅልሽ ጸልየን እንሂድ።» ጸለዩም፤ ስለዚህ ውሸት አልተባለም። በመሐል አያ ይስማው ወደ መሪጌታ ጆሮ አዘንብለው «ለማንኛውም ስለ እግሯ ይጠይቋት» ሲሉ ሰማኋቸው።

«የምን እግር?» አለች እናቴ። «የተሰበረው እጇ ነው። እግሩ የተሰበረው እርስዎ ነዎት፣ ተሸክመዋት ሲሮጡ።»

ሁለቱ ዳኞች በዚያው ቀን የይለፍ ቃላቸውን ሰጡኝና ገባሁ። ስገባ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። ሟችን ወደ አባልነት የሚመልስ ትእዛዝ የለም። ፕሮግራሙን ስጽፍ እዚያ ቦታ ላይ ደርሼ እጄ ተሳስሮ ነበር፤ ሰውን ከሞት የሚመልስ ትእዛዝ በሰው እጅ መጻፍ ድፍረት መስሎኝ ተውኩት። ለመሪጌታ ነገርኳቸው።

«ልጄ» አሉ፣ «ያልሞተን ሰው ከሙታን ማውጣት ትንሣኤ አይባልም፤ እርማት ይባላል። ጸሐፊ ሲሳሳት ብራናውን ፍቆ ይጽፍ የለም? ፋቂው።»

ፋቅሁት። ቡድኖቹንም እንደገና አዋቀርኳቸው። ክብርን ለብቻው፣ ፈቃድን ለብቻው አደረግሁ፤ እናቶች አሁንም ከሁሉ በላይ ተቀምጠዋል፣ ወንበሩ ግን ምንም በር አይከፍትም። አያ ይስማው፣ «ከፍቶ የማያስገባ ክብር ምን ያደርጋል?» ብለው አኮረፉ። ፎቶዎን አተልቅልዎታለሁ ስላቸው ከመሪጌታ ፎቶ በምን ያህል እንደሚተልቅ ጠየቁኝ።

ሁሉ ደህና ሆነ ስል እናቴ ደወለች። ድምፅዋ ደስ አይልም።

«ጧፍሽን ማን አጠፋብሽ?»

«እማ፣ እሱ እኮ…»

«ማነው? ስሙን ንገሪኝ። እትዬ ውድነሽ ናት? ስልኬን ስትነካካ አይቻታለሁ።»

ጎረቤታሞቹ ሊጣሉ ነው። ያን ዕለት ሥራዬን ትቼ ለእናቴ ስልክ ብቻ አንዲት ጧፍ ጻፍኩላት። ስትስመኝ ትበራለች። ከማንም አትወርስም፣ ለማንም ምንም አታዝም፤ መብራት ብቻ።

አሁን በዚያ ጠዋት እናቴ ቤት ለነበራችሁ፣ ከሞጣም ለመጣችሁ ከቢቸናም ለነበራችሁ፣ አንድ ልመና አለኝ። ይህን ጽሑፍ ልታነቡላት እንደምትችሉ አውቃለሁ፤ «ልጅሽ ጻፈች» ሳትሏት አትቀሩም። አንብቡላት። ሐብሐቡንም፣ የአያ ይስማውንም ነገር አንብቡላት፣ ትሳቅ። ጋቢው ከተገለጠ በኋላ ያለውን ግን እለፉት። ማን ለፈፈባት ካለቻችሁ «ጥፋቱ የሠራችው የልጅሽ ነው» በሏት። ሦስት ጊዜ መሳሟ ምን እንዳደረገ ካወቀች ሁለተኛ ስልኩን ወደ ከንፈሯ አታስጠጋም። እኔ ደግሞ ከዚህ ሆኜ የምትስመው ሌላ ፊት የለኝም።